ከእኛ ጋር ጮቄ የወጣው እንግዳ

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶብሳችን ሉማሜ ላይ ጎማው ፈነዳ። ዝናብ ይጥል ስለነበር ተሳፋሪው ሁሉ መንገድ ዳር ወዳለች ሻይ ቤት ተጋፍቶ ገባ። እኔም አንድ ጥግ ይዤ፣ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ማንገቻውን ክንዴ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሜ ተቀመጥኩ። ልጆቼ በዚህ አመሌ ይስቁብኛል። "እማዬ እኮ ቅዳሴ ላይ እንኳ ዓይኗን ከጫማዋ አትነቅልም" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሰው ቶሎ አላምንም። ለምን እንዲህ እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው አንድ ታሪክ አለኝ፤ ጮቄ ተራራ ላይ ስለገጠመን አንድ ሰው። አርባ ዓመት ያህል ተርኬዋለሁ።

ፊት ለፊቴ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለዋል። ዞር ብል ያያሉ፣ ባጎነብስ ያያሉ። ምን ይፈልጋሉ? አልኩ በልቤ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ሲከተሉኝ ቢሆንስ? ተነሥቼ በር አጠገብ ወዳለ ወንበር ተዛወርኩ። እሳቸውም ተነሡና መጡ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ፤ ድሮ ማርቆስ የሰንበት ትምህርት ቤት ጸሐፊ አልነበሩም?"

"ማን ልበል?"

ሰውየው ፈገግ አሉ። ግራ ቅንድባቸው ላይ ያለችውን ጠባሳ ያን ጊዜ አየኋት። "ፈንታሁን እባላለሁ ብዬሽ ነበር" አሉኝ።

ለልጆቼ የማወራላቸው ሰው ይህ ነበር።

ጮቄ በወጣንበት ዓመት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የምኖረውም ማርቆስ ነበር። ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያወጣው መንገድ ጥግ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ሬዲዮኑን በሩ ላይ አስቀምጦ የፍቅር ዘፈን ከፍ አድርጎ ይለቃል። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ሴቶች ነጠላችንን አጣፍተን ስናልፍ እያፈረ ድምፁን ይቀንስልናል፤ ካለፍን በኋላ መልሶ ይለቀዋል። እኔና ጓደኛዬ ዘነቡ ግን ጥጉን እንደዞርን ቆም ብለን ዘፈኑን እስከ መጨረሻው እናዳምጥ ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል። ወንዶቹ አቧራ የሚጠርግ ሰፊ ቦላሌ ይለብሳሉ፤ እኔ ደግሞ እናቴ በአራት ብር የገዛችልኝ ሸራ ጫማ ነበረኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሳሙና አጥቤ ሲደርቅ ነጩን ጠርዝ ጠመኔ እቀባዋለሁ። አሁን የልጅ ልጄ በር ላይ የተደረደረውን የጫማ ብዛት ሳይ ያቺ አንዷ ጫማዬ ትናፍቀኛለች። ናፍቆቴ ግን ሙሉ አይደለም። ያ ጊዜ ሦስት ሰው ቆሞ ሲያወራ አራተኛው ለምን እንደቆሙ የሚጠይቅበት ነበር። ሰው ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ወደ ኋላው ዞር ብሎ ያያል። አባቴ "በሩ ክፍት ከሆነ ስለ ዝናብ ብቻ አውሩ" ይለን ነበር። እኛም ስለ ዝናብ እያወራን አደግን።

በዚያ ሁሉ መካከል መምህራችን ዲያቆን ሞላ አንድ ሐሳብ አመጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር ጣቶቹን የሚያፍተለትል ሰው ነበር፤ ዕድሜው ሠላሳ አልሞላም። ከፋሲካ በኋላ ወጣቶቹን ሰብስቦ በጮቄ ግርጌ፣ ከሮብ ገበያ ከተማ በላይ ካለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሦስት ቀን ድንኳን ተክለን እንድንጸልይና ተራራ እንድንወጣ አሰበ። "እግዚአብሔርን በመጽሐፍ አነበባችሁት፤ አሁን ደግሞ ሥራውን በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት" አለን። ስንት ደጅ ጠንቶ ፈቃዱን አገኘ። ድንኳኑን ከእድር ተዋስን፤ መኪና ላይ ስንጭነው ያየን ሁሉ "ማን ሞተ?" እያለ ይጠይቀን ነበር። እኔ ጸሐፊ ስለነበርኩ የተጓዦቹን ስም፣ የአባት ስምና ቀበሌ በመዝገብ መያዝ የኔ ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ትንሽ ሳልኮራ አልቀረሁም።

ሃያ ሦስት ሆነን ጭነት መኪናው ላይ ከወጣን በኋላ ዲያቆን ሞላ አንድ ሰው በክንዱ ይዞ መጣ። "ይሄ ወንድማችን ፈንታሁን ነው፤ አብሮን ይሄዳል" አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። ሰውየው ካኪ ጃኬትና የቆዳ ጫማ አድርጓል፤ የያዘው በጋዜጣ የተጠቀለለች ትንሽ እቃ ብቻ ናት። መዝገቤን ከፈትኩ።

"የአባትህ ስም ማነው ጋሼ?"

መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ መዝገቡን አየ። "ፈንታሁን ብቻ ብትይው ይበቃል።"

"ቀበሌህስ?"

"ሩቅ ነው" ብሎኝ ወደ መኪናው ጀርባ ሄዶ ተቀመጠ።

ዘነቡ ጆሮዬ ሥር ገብታ "ጫማውን አየሽው? እንዲህ ያለ ጫማ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው" አለችኝ። "እነሱ" እነማን እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ድንኳን ከተከልን በኋላም ማገዶ ስንለቅም ሰውየው መጥቶ "ያ ዝርዝር መጨረሻ ለማን ነው የሚሰጠው?" ሲል ጠየቀኝ። ዝርዝሩን ፈልጎታል! አልኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መዝገቡን ከብብቴ አላወጣሁትም።

በማግስቱ ተራራው ላይ ወደሚገኝ ጠበል ለመውጣት ማልደን ተነሣን። ሣሩ ላይ አመዳይ ፈሷል። ቆመን ስንጸልይ የሃያ አምስት ሰው እስትንፋስ ከአፋችን እንደ ጭስ ይወጣ ነበር። ዲያቆን ሞላ ዜማውን ሲያነሣ ከማዶ ያለ የገበሬ ውሻ ጮኸ፤ እኛም ሳቃችንን መቆጣጠር አቅቶን ጸሎቱን ደግመን ጀመርነው። በሶና የተቀቀለ ድንች ተሸክመን መውጣት ያዝን። መጀመሪያ የገብስ ማሳ፣ ቀጥሎ የአስታ ቁጥቋጦ፣ ከዚያም ጓሳ የሚባለው ሣር ብቻ የሚበቅልበት ገላጣ መሬት ገጠመን። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች ከሩቅ ሲታዩ ጋቢ ለብሰው የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ። ወንዶቹ እየተሽቀዳደሙ ይሮጣሉ፤ እኛ ሴቶቹ በየድንጋዩ እየተቀመጥን እንዘምራለን። ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ ጎጃም ሁሉ ከእግሬ ሥር ተዘርግቷል። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ተሰምቶኝ አያውቅም። ግን በደስታዬም መካከል ዓይኔ ካኪዋን ጃኬት ይፈልጋል። ሲቀድመን ለምን ቀደመ፣ ሲቀር ለምን ቀረ እላለሁ።

ጠበሉ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር የሚፈልቅ፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ ውሃ ነው። ጸለይን፣ ጠጣን፣ ፊታችንን ታጠብን። ሰውየው ግን ከእኛ ተለይቶ ግንባሩን ቋጥኙ ላይ ደፍቶ ቆየ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዘነቡ "እያለቀሰ ነው እኮ፤ አሳዘነኝ" አለች።

"ያስመስላል" አልኳት።

ምሳ በልተን ሳንጨርስ ጭጋጉ ከታች ወደ ላይ መጣና ዋጠን። ቀጥሎ በረዶ ወረደ፤ በሶ የያዝንበትን ቁና ጭንቅላታችን ላይ ደፍተን ቋጥኙ ሥር ተጠለልን። በረዶው ሲያባራ ዲያቆን ሞላና ሰውየው ለብቻቸው ቆመው ሲነጋገሩ አየሁ። ከዚያ ሰውየው መጥቶ "በመጣንበት መመለስ አይሆንም፤ ጠዋት የተሻገርነው ጅረት አሁን ሞልቷል። በዚህኛው ጎን ዞረን ወደ መኪናው መንገድ እንውረድ" አለ።

የመኪና መንገድ? አልኩ በልቤ። እዚያ መኪና አቁመው ይጠብቁናል ማለት ነው፤ ለዚህ ነው የመጣው! ተነሥቼ ቆምኩ። "እኔ በመጣሁበት ነው የምመለሰው።"

"የሺ፣ እመኚኝ" አለኝ ዲያቆን ሞላ።

"አንተን አምንሃለሁ። እሱን ግን አላውቀውም።"

"እኔ አውቀዋለሁ።"

"እንግዲያው ማነው? ንገረና!"

ዲያቆን ሞላ ጣቶቹን አፍተለተለ። እኔም ዝምታውን እንደ ማስረጃ ቆጠርኩት። በመጣንበት መንገድ ቁልቁል ስጀምር ዘነቡን ጨምሮ ሰባት ልጆች ተከተሉኝ።

ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሄድንም። ጭጋጉ እጃችንን ዘርግተን ጣታችንን እስከማናይ ድረስ ወፈረ። መንገዱ ጠፋን። ከታች የሚጮኸውን ውሃ እንሰማለን እንጂ የት እንዳለ አናውቅም። ድንገት ዘነቡ ጮኸች። ጓሳ መስሏት የረገጠችው ረግረግ ኖሯል፤ እስከ ጭኗ ገብታለች። ልንስባት ስንጠጋ የእኛም እግር ይሰምጣል። ስትንቀሳቀስ ይብስባታል። "የሺ፣ ለእናቴ ምን ትያታለሽ?" አለችኝ፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። መዝሙር ጀመርኩ፤ የሚያጽናናን ሌላ ነገር ስላጣሁ ነው። ሁላችንም ስምንታችን፣ ረግረጉ ውስጥ ያለችው ዘነቡም ሳትቀር፣ እያለቀስን ዘመርን። ስንት ጊዜ እንደደጋገምነው አላውቅም፤ ድምፃችን ተዘግቶ ነበር።

ከጭጋጉ ውስጥ ያ ሰው ብቻውን ብቅ አለ። ጃኬቱን አወለቀ፣ በደረቱ ጓሳው ላይ ተኛና አንዱን እጅጌ ወረወረላት። እኛ እግሩን ይዘን ሳብን። ዘነቡ ስትወጣ አንድ ጫማዋ እዚያው ቀረ። ሰውየው አዝሏት፣ እኛን ከኋላው አስከትሎ፣ እሱ ባለው መንገድ አወረደን። የመኪናው መንገድ ላይ ከጭቃና ከሁለት አህዮች በቀር የሚጠብቀን አልነበረም። ዲያቆን ሞላ ሲያየን ተንበርክኮ መሬት ሳመ። ሁሉም ቆሞ የምስጋና ጸሎት አደረሰ።

"እግዚአብሔር የላከልን መልአክ ነው" አለች ዘነቡ።

"መልአክ የአባቱን ስም አይደብቅም" አልኳት።

"መልአክ አባት አለው እንዴ?" ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። በዚያ ጭጋግ እንዴት ብቻውን አገኘን? መንገዱንስ እንዴት አወቀው? እያልኩ አሰላስል ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሰውየው የለም። ሲሄድ ያየው አልነበረም።

ማርቆስ ከተመለስን አሥር ቀን ያህል በኋላ ዲያቆን ሞላን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መጥተው ወሰዱት። ሁለት ወር ታስሮ ተፈታ፤ ማስተማሩን ግን ከለከሉት። ከተማውንም ለቆ ወደ ገጠር ወጣ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ሲያለቅሱ እኔ መካከላቸው ቆሜ "አላልኳችሁም? ያ ሰው ነው ያስያዘው" አልኩ። ሁሉም አመነኝ። በኋላም አስተማሪ ሆንኩ፣ ትዳር ያዝኩ፣ ልጆች ወለድኩ፤ በየደረስኩበት ታሪኩን እዚህ ላይ እጨርሰዋለሁ። ሰው አትመኑ፣ እላለሁ።

አሁን ያ ሰው ሉማሜ ላይ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀምጧል። እንደነገሩኝ ስማቸው ፈንታሁን ሳይሆን ደሳለኝ ነው። በዚያ ዘመን ቁይ አጠገብ የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ። በአንድ ስብሰባ ላይ በተናገሩት ነገር ይፈለጉ ስለነበር የልጅነት ጓደኛቸው ሞላ ሦስት ቀን በእኛ መካከል ሊሸሽጋቸው ይዟቸው መጣ። ጮቄን የሚያውቁት እዚያው ሥር ተወልደው ስላደጉ ነው።

"አንቺን እንዴት እንደፈራሁሽ!" አሉኝ እየሳቁ። "መዝገብ ይዘሽ ስትዞሪ፣ ስሜን ስትጠይቂ፣ የነሱ ሰው ናት አልኩ። በኋላ ግን ልጅ ናት ብዬ ራሴን ተቆጣሁ።" ሳቃቸው ቀስ በቀስ ጠፋ። "ቁይ ላይ ያዙኝ። ሁለት ዓመት ታሰርኩ። የመረመረኝ ሰው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'ጠበሉ ጋ ስታለቅስ ነበር' አለኝ። እንግዲህ እዚያ የነበረ ሰው ነው የነገረው። ማንነቴን የሚያውቅ ደግሞ ሞላ ብቻ ነው። ከተፈታሁ በኋላ ሁለት ጊዜ 'እኔ አይደለሁም' ብሎ ጻፈልኝ፤ መልስ አልሰጠሁትም። ወንድሜ ነበር እኮ። እስከ ዛሬ ዓይኑን አላየሁትም።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ረዳቱ ገብቶ ጎማው ተቀይሯል፣ ውጡ እያለ ይጮሃል። ዝም ማለት እችል ነበር። ደግሞም ሽማግሌው እየፈተኑኝ ነው ብዬም ጠረጠርኩ፤ አውቀው ቢሆንስ የነገሩኝ? ግን ከታሪኬ ውስጥ ሁልጊዜ የማስቀራት አንዲት ምሳ ነበረች። ከጮቄ በተመለስን በሦስተኛው ቀን፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይሠራ የነበረው አጎቴ ቤታችን ምሳ ሲበላ "ከእኛ ጋር አንድ የማይታወቅ ሰው ነበር፤ የእናንተ ሰው ነው እንዴ?" ብዬ ጠይቄዋለሁ። ማላመጡን አቁሞ "ምን ዓይነት ሰው?" አለኝ። ጃኬቱን፣ ጠባሳውን፣ ጠበሉ ጋ ማልቀሱን፣ ዲያቆን ሞላ ይዞት መምጣቱን አንድ በአንድ ነገርኩት። "አይ፣ የኛ አይደለም" አለና መብላቱን ቀጠለ። ያንን ሁሉ ዓመት ምሳውን ከእስሩ ጋር ሳላገናኘው ቀርቼ አይደለም። እንዳይገናኝ ስለያዝኩት ነው።

"ሞላ አይደለም" አልኳቸው። "እኔ ነኝ።" ምሳውንም ነገርኳቸው።

ተሳፋሪው ወጥቶ አለቀ። "ሞላ በሕይወት አለ?" ብለው ጠየቁኝ በመጨረሻ።

"ሮብ ገበያ አጠገብ የኔታ ሆነው ያስተምራሉ አሉ። ዓይናቸው ደክሟል ይባላል።"

"ነገ ይዘሽኝ ትሄጃለሽ" አሉኝ። የልመናም የቁጣም ድምፅ አልነበረም። እስከ ማርቆስ ድረስ ወንበራቸው ላይ ሆነው አንድ ጊዜም ወደ እኔ አልዞሩም።

በማግስቱ በሚኒባስ ወጣን። የሚወስዱኝ እንደ ምስክር ይሁን እንደ ወንጀለኛ አላውቅም፤ በየመንገዱ መታጠፊያ ፊታቸውን እሰልላለሁ። የኔታን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ጣቶቻቸው አሁንም ይፍተለተላሉ። አቶ ደሳለኝ "ሞላ" ብለው ሲጠሩ ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ቀና አደረጉ፤ ድምፁን ለዩት። ተቃቅፈው ቆሙ። እኔ ግን ከእግራቸው ሥር ተንበርክኬ የሉማሜውን ነገር ሁሉ ደገምኩ።

"አውቃለሁ ልጄ" አሉ የኔታ።

"ምን ያውቃሉ?"

"ታስሬ ሳለሁ አጎትሽ መጥቶ 'የእህቴ ልጅ ነገረችኝ' ብሎኝ ነበር። ይቆጨው ነበር መሰለኝ።"

አቶ ደሳለኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። "ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? አርባ ዓመት ሙሉ ስጠላህ ለምን ዝም አልክ?"

"እኔ አይደለሁም ብዬ ጻፍኩልህ። ያላመንከኝ አንተ ነህ። እንድታምነኝ ብዬ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ስም ልስጥህ? ስም መስጠት ይብቃ ብዬ ነው።"

እኔ እዚያው እንደተንበረከክሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ይህን ዝምታቸውንም ጠረጠርኩት። ምሕረት ነው ወይስ ቅጣት? ቢነገረኝ ኖሮ ያንን ታሪክ በየቦታው እያወራሁ ባላረጀሁ ነበር። "ይፍቱኝ የኔታ" አልኩ።

"እኔን አይደለም፤ እሱን ጠይቂው። ሁለት ዓመት የታሰረው እሱ ነው።"

ወደ አቶ ደሳለኝ ዞርኩ። ከላይ ከተራራው ደመናው እየወረደ፣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ድንጋዩ ላይ ማረፍ ጀመሩ። አቶ ደሳለኝ ቆመው አዩኝ፤ በጣም ቆይተው አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ዘረጉልኝ።

"ተነሺ፣ ዝናቡ ሳይደርስብን" አሉኝ።

ይቅር ማለታቸው ይሁን ዝናቡን መፍራታቸው ብቻ፣ ዛሬም አላውቅም። አልጠየቅኋቸውም። እጃቸውን ይዤ ተነሣሁ፤ ሦስታችንም በየኔታ እርምጃ ልክ ቀስ እያልን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጠለያ ገባን።